በ61 ሜጋፒክስል የመጀመሪያው ሳምንት፦ ከለገሃር እስከ ፒያሳ

አዲሱን ካሜራ ይዤ የወጣሁ ዕለት በቀጥታ መስቀል አደባባይ ሄድኩ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ነው። ሯጮች ደረጃው ላይ ከዳር እስከ ዳር ይመላለሳሉ። ፀሐይ ገና ብቅ እያለች ነው። ሦስት መቶ ምናምን ፎቶ አነሳሁ። ካሜራው ጀርባ ላይ ባለችው ትንሽ ስክሪን ሳያቸው ሁሉም ያምራሉ። ቤት ገብቼ ላፕቶፕ ላይ ከፍቼ 100 በመቶ ሳሰፋቸው ግን ወገቤ ቁርጥ አለ። ጥርት ያለ ሯጭ አንድም የለም።

ካሜራውን ከዱባይ ላመጣልኝ ጓደኛዬ ደወልኩ። «ብልሽት ያለበት ነው የሸጡልህ» አልኩት። ፋይሎቹን ላክልኝ አለ፤ አያቸውና ሳቀ። «ካሜራው ምንም አልሆነም። ሯጮቹ ሮጠውብህ ነው።»

እውነቱን ነበር። በድሮው ካሜራዬም እንደዚያው ይደበዝዙ ነበር፤ ልዩነቱ ያኔ አይታየኝም። ይኼኛው ግን ምንም አይሸፍንም። ስለዚህ ብዙ ሜጋፒክስል ያለው ካሜራ እጃችሁ የገባ ሰዎች የመጀመሪያውን ሳምንት የሚያምር ፎቶ ፍለጋ አትልፉ። ሳምንቱን የራሳችሁን ጉድለት አንድ በአንድ ለማግኘት ተጠቀሙበት። እኔ በሰባት ቀን ተደናብሬ የደረስኩበትን በቅደም ተከተል ላስቀምጥላችሁ። ቦታዎቹ ሁሉ በእግር የሚደረስባቸው ናቸው፤ ከለገሃር ተነስቶ ቸርችልን ሽቅብ እስከ ፒያሳ።

የእኔ ካሜራ ሶኒ አልፋ 7 አር 5 ነው። በፈረንጆቹ 2022 የወጣ ስለሆነ ለዓለም አዲስ አይባልም፤ ለእኔ ግን አዲስ ነው። 45 ሜጋፒክስል ያላቸውን ኒኮን ዜድ 8 ወይም ካኖን አር 5 የያዛችሁም አብዛኛው ነገር ይመለከታችኋል።

ቁጥሩን በልኩ

የድሮው ካሜራዬ ፎቶ በወርዱ 6000፣ በቁመቱ 4000 ነጥብ ነበረው። ሲባዛ 24 ሚሊዮን፣ ማለትም 24 ሜጋፒክስል ነው። የአዲሱ 9504 በ6336 ነው፤ ሲባዛ 60 ሚሊዮን ከምናምን፤ 61 የሚባለው ይኸው ነው። ሰው «ሁለት እጥፍ ተኩል» ሲባል ፎቶው በወርዱም በቁመቱም በዚያ ልክ የሚተልቅ ይመስለዋል። አይደለም። በወርድ ከለካችሁት የጨመረው 58 በመቶ ገደማ ነው። ብዙ ነው፣ ግን ተአምር አይደለም።

ሴንሰሩ፣ ብርሃኑን የሚቀበለው ገጽ፣ ደግሞ አልሰፋም። ያው 36 በ24 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በአንድ ዓይነት ምጣድ ላይ የተጋገሩ ሁለት እንጀራዎችን አስቡ። የአንዱ ዓይን በዛ ማለት እያንዳንዱ ዓይን አነሰ ማለት ነው። 6 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺህኛ) የነበረው ነጥብ አሁን 3.8 ገደማ ሆኗል። ስለዚህ እጅ ትንሽ ሲነቃነቅ፣ ወይም ሰው ትንሽ ሲራመድ፣ በፊት ከአንድ ዓይን ያልወጣ ብርሃን አሁን ወደ ጎረቤቱ ይፈሳል። ከዚህ በታች ያለው ጣጣ ሁሉ የሚመጣው ከዚህች ነገር ነው።

ደረጃ 1፦ ቤት ሳላችሁ

ባትሪውን ሙሉ። ቪውፋይንደሩ (ዓይን የሚጠጋበት መመልከቻ) ጎን ያለችውን ትንሽ ጎማ እያዞራችሁ ውስጥ ያለው ጽሑፍ ለዓይናችሁ ጥርት እስኪል አስተካክሉ። ብዙ ሰው ይህን ሳያደርግ ወር ሙሉ ፎከሱን ያማርራል።

ሰዓቱን ስትሞሉ ተጠንቀቁ። ካሜራው የኛን አቆጣጠር አያውቅም። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩልን 12:30 ብላችሁ ከሞላችሁት የንጋት ፎቶዎቻችሁ በሙሉ ቀትር ላይ የተነሱ ሆነው ይመዘገባሉ። 6:30 ነው የሚሞላው። የጊዜ ቀጠናውንም ከግሪንዊች በ3 ሰዓት የሚቀድመውን ምረጡ። ሠርግ ላይ በሁለት ካሜራ የሠራ ሰው የሰዓት መለያየት ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንደሚያሳጣ ያውቀዋል።

ቀጥሎ ራው፣ ማለትም ካሜራው ያየውን ሳያሳምር የሚያስቀምጥበት ጥሬ ፋይል። ሶኒው ሦስት ዓይነት አቀማመጥ አለው። ጭራሽ ያልታመቀው አንድ ፎቶ 120 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። መረጃ ቀንሶ የሚያምቀው የዚያን ግማሽ ያህል ነው። በመሃል ምንም ሳይቀንስ የሚያምቅ አለ፤ መጠኑ እንደ ፎቶው ይዘት ከፍና ዝቅ ይላል፣ የእኔ አብዛኛውን ጊዜ ከ60 እስከ 80 ሜጋባይት ይመጣል። ይኼኛውን ምረጡና ጉዳዩን እርሱት።

ካሜራው ሁለት የካርድ ቦታ አለው። አንዱ ሲሞላ ወደ ሌላው እንዲያልፍ ሳይሆን ሁለቱም ላይ እኩል እንዲጽፍ አድርጉት። አዲስ ካርድ ከገዛችሁ ደግሞ ሥራ ላይ ሳታውሉት በፊት ጢም እስኪል ሙሉትና ፋይሎቹን ሁሉ ላፕቶፕ ላይ ከፍታችሁ እዩ። 128 ጊጋባይት ተጽፎበት ሩቡን እንኳ የማይዝ አስመስሎ የተሠራ ካርድ ገበያው ላይ ሞልቷል።

ደረጃ 2፦ አንበሳው

አሁን የካሜራውንና የሌንሱን ጣሪያ እንወቅ። ለዚህ የማይንቀሳቀስ፣ ጥቃቅን ዝርዝር የሞላበት ነገር ያስፈልጋል። እኔ የመረጥኩት ብሔራዊ ቴአትር ጋ ያለውን የድንጋይ አንበሳ ነው። በ1948 ዓ.ም. ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የ25ኛ ዓመት በዓለ ንግሥ የቆመ ነው። ከሩቅ ስታዩት ለስላሳ ይመስላል፤ ቀረብ ስትሉ በተቀረጸ መስመርና በድንጋይ ሽራፊ የተሞላ ነው። ለሌንስ ፈተና ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም። ትንሽ አለፍ ካላችሁ የትግላችን ሐውልት የነሐስ ቅርጾችም ለዚሁ ይሆናሉ።

እሑድ ጠዋት ሂዱ። መኪና ስለሚቀንስ መሬቱም ብዙ አይርገበገብም፣ ጠያቂም ይቀንሳል። ይቀንሳል አልኩ እንጂ ይጠፋል አላልኩም። ትራይፖዱን ገና ስዘረጋ በዕድሜ ጠና ያሉ አንድ ጥበቃ መጡ።

«ወንድሜ፣ ለምንድን ነው?»

«ጋሼ፣ ካሜራ ልሞክር ነው። አንበሳውን ብቻ ነው የማነሳው።»

ካሜራውን አዩት፣ እኔን አዩኝ። «ወደ ሕንፃው አታዙር እንጂ አንበሳውስ የሁላችንም ነው» አሉና ሻያቸውን ይዘው ወንበራቸው ላይ ተመለሱ።

በነገራችን ላይ፣ ይህ ከመምጣታችሁ በፊት የምታስቡበት ነገር ነው። ቤተ መንግሥት፣ ወታደራዊ ቦታ፣ ኤምባሲ፣ ጥበቃ የቆመበት የመንግሥት መሥሪያ ቤት፤ ወደዚያ ሌንስ አለማዞር ነው። ሌላ ቦታም ቢሆን አትፍሩ፣ ቀድማችሁ ሰላም በሉ። ከተጠየቁ በኋላ ከማስረዳት ሳይጠየቁ ሰላም ማለት ይቀላል።

ወደ ሥራው። ትራይፖዱን ዝቅ አድርጋችሁ አቁሙ፤ የመሃሉን ዘንግ ወደ ላይ አትሳቡት። አይኤስኦ፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት፣ 100 ይሁን። የካሜራውን የእጅ ንቅናቄ ማረጋጊያ አጥፉ፤ ትራይፖድ ላይ ሥራ የለውም። በ2 ሰከንድ ማዘግያ አንሱ፣ ጣታችሁ ሹተሩን ሲጫን የሚፈጥረው ንዝረት እስኪበርድ። ፎከሱን በእጅ አድርጉና ስክሪኑ ላይ አስፍታችሁ የአንበሳውን አንዲት ስንጥቅ ያዙ። ከዚያ ምንም ሳትነካኩ አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ) ብቻ እየለወጣችሁ ከሌንሱ ሰፊ መክፈቻ እስከ ኤፍ 16 ድረስ አንድ አንድ አንሱ፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል።

ቤት ስትገቡ መሃሉንም አራቱንም ጥግ 100 በመቶ አስፍታችሁ ተመልከቱ። የእኔ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ላይ መሃሉ ደህና ነው፣ ጥጉ ግን የተቀቀለ ጎመን ነው። ኤፍ 4 ላይ ጥጉ መንቃት ይጀምራል። ኤፍ 5.6 ላይ ከጥግ እስከ ጥግ ጥርት ይላል፤ ያየሁት ጊዜ ነው ካሜራውን ይቅር ያልኩት። ኤፍ 11 ላይ ትንሽ ይለሰልሳል። ኤፍ 16 ላይ በግልጽ ይደበዝዛል። ይህ የሌንሱ ጥፋት አይደለም። ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ይበተናል፤ ነጥቦቹ ስላነሱ ብትኑ አሁን ይታያል። «ሁሉም ነገር ጥርት እንዲል ኤፍ 16 ላይ አንሳ» የሚለውን የድሮ ምክር እዚህ ጋ ጣሉት።

ኤፍ 16 ለአንድ ነገር ግን ይጠቅማል። ሰማዩን አንሱበትና ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ፈልጉ። ሴንሰሩ ላይ ያረፈ አቧራ ነው። ከተማው ሲፈርስና ሲሠራ በኖረበት በዚህ ጊዜ መንገድ ላይ ሌንስ መቀየር አቧራን ግባ ብሎ መጋበዝ ነው። እኔ ካፌ ገብቼ ነው የምቀይረው። ማኪያቶ ማዘዝ ግዴታ ስለሚሆን በሌንስ ብዛት ገንዘብ ይወጣል።

የምትወዱት ሌንስ በዚህ ፈተና ሊወድቅ ይችላል። የእኔ አንድ ዙም ወድቋል። አልሸጥኩትም። በ24 ሜጋፒክስል የሚሰጠኝን ያህል አሁንም ይሰጠኛል፤ የተጨመረውን ብቻ ነው የማይሰጠኝ።

ደረጃ 3፦ የገዛ እጅን መለካት

ያንኑ አንበሳ፣ በዚያው ሌንስ፣ በኤፍ 5.6፣ አሁን በእጃችሁ ይዛችሁ አንሱ። ማረጋጊያውን አብሩት። ሹተሩ ክፍት የሚቆይበትን ጊዜ እየለወጣችሁ በ1/30 ሰከንድ አሥር ፎቶ፣ በ1/60 አሥር፣ በ1/125 አሥር፣ በ1/250 አሥር። በችኮላ አታርከፍክፏቸው። በአንዱና በአንዱ መካከል ካሜራውን ከዓይናችሁ አውርዳችሁ እንደገና አንሱት።

ከዚያ ቁጠሩ። እኔ 1/30 ላይ ከአሥሩ አምስት፣ 1/60 ላይ ስምንት፣ 1/125 ላይ አሥሩም ጥርት ብለው ወጡ። የእናንተ ሌላ ይሆናል። ዋናው ነገር ቁጥሩ የራሳችሁ መሆኑ ነው። የቆየው ደንብ በ50 ሚሊሜትር ሌንስ 1/50 ይበቃል ይላል። ይህ ደንብ የመጣው ፎቶ ትንሽ ወረቀት ላይ ታትሞ በሚታይበት ዘመን ነው። ለዚህ ዓይነት ካሜራ እጥፍ አድርጉት፤ 50 ከሆነ 1/100፣ 200 ከሆነ 1/400። ማረጋጊያው የሚቀንስላችሁን እንደ ምርቃት ቁጠሩት።

አንድ የአዲስ አበባ ነገር ልጨምር። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቸርችልን ሽቅብ ወጥታችሁ ወዲያው ካነሳችሁ ትንፋሻችሁ ፎቶው ውስጥ ይገባል። ይህንን በቁጥር አይቼዋለሁ። ማዘጋጃ ቤቱ ጋ ስደርስ ሳላርፍ ከሞከርኳቸው አሥር ፎቶዎች በ1/60 ጥርት ያሉት ሦስት ብቻ ነበሩ። ሁለት ደቂቃ ቆሞ ወደ ታች ወደ ለገሃር የሚወርደውን መንገድ ማየት ምንም አይጎዳም።

ደረጃ 4፦ የሚንቀሳቀስ ሰው

ወደ ሯጮቹ እንመለስ። ማረጋጊያው የእኔን እጅ ያረጋጋል፤ ሯጩን አያረጋጋም። ይህን በቃል አውቀው ነበር። በቁጥር ስሠራው ግን ደነገጥኩ። ከእኔ 10 ሜትር ርቆ ከግራ ወደ ቀኝ በሰዓት 5 ኪሎሜትር የሚራመድ ሰው አለ እንበል። በ50 ሚሊሜትር ሌንስ፣ 1/125 ላይ፣ ምስሉ ሴንሰሩ ላይ ወደ 15 ነጥብ ይንሸራተታል። በድሮው ካሜራዬ 9 ገደማ ነበር። ለመራመድ ነው ይህ፤ ሯጩ የዚያን ሦስት እጥፍ ያህል ነው።

1/1000 ላይ ያው እግረኛ 2 ነጥብ ያህል ብቻ ይንሸራተታል። ስለዚህ ለእግረኛ 1/1000፣ ለሯጭ 1/2000 ያዙ። ወደ እናንተ ፊት ለፊት የሚመጣ ሰው በጎን ከሚያልፈው ያነሰ ይደበዝዛል። ስለዚህ ብርሃን ካነሰ ቦታችሁን ቀይሩ።

«ያኔ አይኤስኦው ይወጣል» ትላላችሁ። ይውጣ። 1600 እና 3200 ላይ የሚመጣው እህል መሰል ነገር 100 በመቶ ስታሰፉት ያስፈራል፤ ፎቶው በሙሉ ሲታይ ግን ይጠፋል። የተንቀሳቀሰ ፊት ግን ምንም አይመልሰውም።

ብርሃኑን በተመለከተ ፍጠኑ። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ ወደ ጎን ሳትል ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው። የጠዋቱ ወርቃማ ብርሃን አንድ ሰዓት አይሞላም። 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቦታችሁ ላይ ካልሆናችሁ 2 ሰዓት ላይ የምታገኙት ሌላ ብርሃን ነው።

ደረጃ 5፦ ነጠላና ፊት

ይህ ደረጃ ከሁሉ ብዙ አስተምሮኛል፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

አራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ የሚወጣው ሰው ነጠላ ለብሶ ነው። ለካሜራ ከባዱ ነገር በአንድ ላይ ተገናኘ ማለት ነው። ነጭ ጨርቅ፣ ጠይም ፊት፣ ቀጭን ክር። ከበሩ ውጭ መንገድ ላይ ቆምኩ። ከግቢ ውስጥ ለማንሳት ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የሚጸልይ ሰው ላይ ሌንስ መደቀን ደግሞ ፈቃድ ቢኖርም ነውር ነው።

አንድ አባት ከአጥሩ ሥር ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ቀረብ አልኩ።

«አባባ፣ እንዴት አደሩ? አንድ ፎቶ ላንሳዎት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምን ሊረባህ ነው ልጄ?»

«ካሜራው አዲስ ነው። ነጠላዎን እንዴት እንደሚያወጣው ላይ ብዬ ነው።»

ሳቁና ነጠላቸውን አስተካከሉ።

ብርሃኑን የለካሁት በነጠላው ነው። ካሜራውን ዝም ካላችሁት ወይ ፊቱን ለማብራት ነጠላውን ነጭ ወረቀት ያደርገዋል፣ ወይ ነጠላውን ለማዳን ፊቱን ያጨልማል። ዚብራ የሚባለውን ማስጠንቀቂያ አብሩ፤ ነጩ ከልክ ሲያልፍ ስክሪኑ ላይ መስመር መስመር ይላል። መስመሩ ነጠላው ላይ እስኪጠፋ ድረስ ኤክስፖዠሩን (ፎቶው የሚያገኘውን ብርሃን) ቀንሱ። ፊቱ ትንሽ ይጨልማል፤ አትደንግጡ። አይኤስኦ 100 ላይ የተነሳ ራው ጥላውን ብትጎትቱት ይመጣል። የጠፋ ነጭ ግን ተጎትቶ አይመጣም።

ቀጥሎ ፎከስ። ይህ ካሜራ ዓይን ፈልጎ ይይዛል፤ ጥሩም ነው። ግን በ85 ሚሊሜትር ሌንስ፣ ኤፍ 1.8 ላይ፣ ከ2 ሜትር ርቀት ጥርት የሚለው ጥልቀት በቆየው ሠንጠረዥ 6 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። 100 በመቶ አስፍታችሁ ስትፈርዱ ከዚያ በጣም ያንሳል። የአባባ የግራ ዓይን ሽፋሽፍት ይቆጠራል፤ የቀኙ ዓይን በጉም ውስጥ ነው። ኤፍ 4 ላይ ስደግመው ሁለቱም ዓይኖች ተገኙ። ሰው ትንሽ ዞር ብሎ ከተቀመጠ ኤፍ 4ን አትፍሩት።

ሦስተኛው ነገር አስገረመኝ። ነጠላው ላይ ትከሻቸው አካባቢ ቀስተ ደመና የመሰለ ቀለም ወጣ፤ ቤንዚን ውሃ ላይ ጠብ ሲል እንደሚሠራው ዓይነት። ሞይሬ ይባላል። የክሩ ጥልፍልፍና የሴንሰሩ ነጥቦች መደዳ ሲጋጩ የሚፈጠር ነው። ይህ ካሜራ ጥርት እንዲል ተብሎ ያንን የሚያለዝበው ማጣሪያ የለውም። መፍትሔው ቀላል ነው። ግማሽ እርምጃ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ሂዱና ድገሙት፤ ግጭቱ በርቀት ይለወጣል። ስክሪን ላይ ስታዩት ደግሞ 100 በመቶ ሳታሰፉ አትፍረዱ። አንዳንዴ ሞይሬው ፎቶው ላይ ሳይሆን ላፕቶፑ ሲያሳንሰው የሚፈጥረው ነው። ሠርግ የምትሠሩ፣ በተለይ የሐበሻ ቀሚስ ላይ፣ ይህን ሳትፈትሹ ሥራ አትቀበሉ።

አንድ የግል ምክር ደግሞ፤ የሰው ፊት 100 በመቶ አስፍታችሁ ለባለቤቱ አታሳዩ። በተለይ ለሙሽራ። ጠብ ነው።

ደረጃ 6፦ ቀትርና ቤት ውስጥ

ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ በረጅም ሌንስ ሩቅ ነገር ማንሳት ድካም ነው። 209 ሜትር የሚረዝመውን የንግድ ባንክ ሕንፃ በ200 ሚሊሜትር ከሩቅ ሞከርኩት። መስኮቶቹ እንደሚፈላ ውሃ ይርገበገባሉ። ከአስፋልቱ የሚነሳ ሙቅ አየር ነው፤ የትኛውም ሌንስ አያድነውም። ለእንዲህ ያለ ፎቶ ምርጡ ጊዜ ክረምት ላይ ዝናብ ካባራ በኋላ ያለው ሰዓት ነው። አየሩ ታጥቦ እንጦጦ እጅ የሚደርስበት ቦታ ይመስላል። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ ደግሞ ቀትር ላይ ፀሐይ አናታችን ላይ ትቆማለች። የሰው ዓይን ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል። በዚያ ሰዓት ምሳ ብሉ።

ቤት ውስጥ ስትገቡ ድምፅ አልባውን ሹተር አጥፉት። ሴንሰሩ ብዙ ነጥብ ስላለው ከላይ እስከ ታች ለማንበብ ጊዜ ይፈጅበታል። የኛ መብራት 50 ኸርትዝ ነው፤ በሰከንድ 100 ጊዜ ይዋዥቃል። ፒያሳ አንድ ቡና ቤት ውስጥ ያነሳሁት ፎቶ እንደ ሜዳ አህያ ጥቁርና ነጭ መስመር ወጥቶበታል። በሜካኒካል ሹተር፣ 1/50 ወይም 1/100 ላይ አንሱ።

ደረጃ 7፦ በአንድ ሌንስ ፒያሳን

እስካሁን የካሜራውን ጭቅጭቅ ነው ያወራሁት። አሁን ወደ ጥቅሙ።

አንድ 35 ሚሊሜትር ብቻ ይዛችሁ ውጡ። ሲያስፈልግ ካሜራውን ወደ ትንሹ የሴንሰር ክልል ቀይሩት፤ ይህን በአንድ ቁልፍ ላይ ማኖር ይቻላል። ያ 35 ሌንስ እንደ 52 ይሆናል፣ ፎቶውም 26 ሜጋፒክስል ይቀረዋል። ከድሮው ካሜራዬ ሙሉ ፎቶ ይበልጣል ማለት ነው። አንድ ትንሽ ሌንስ፣ ሁለት እይታ፣ ቀላል ቦርሳ። መሃል ከተማ ውስጥ ትልቅ ሌንስ ሲወጣ የሰው ሁሉ ፊት ይለወጣል። በዚህ ግን ማንም ልብ አይላችሁም።

ሌላው ጥቅሙ ለእኔ የግል ነው። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ከመፍረሳቸው በፊት የፒያሳን አሮጌ ቤቶች በስልኬና በድሮው ካሜራዬ አንስቼ ነበር። አሁን ሳያቸው መንገዱ አለ፣ ሰገነቱ አለ፣ የሱቆቹ ታፔላ ግን አይነበብም። የአንዱን ልብስ ሰፊ ስም ላነብ አንድ ምሽት ሙሉ ታገልኩ፤ ሁለት ፊደል ብቻ ነው የያዝኩት።

ስለዚህ አሁን ቆመው ያሉትን ቤቶች እንደ ሰነድ ነው የማነሳቸው። ቀጥ ብዬ ፊት ለፊት፣ ኤፍ 5.6፣ አይኤስኦ 100፣ ግድግዳው ከጥግ እስከ ጥግ እንዲገባ። ቀለም የተላጠበት በር፣ ቁጥሩ፣ ታፔላው። እነዚህ ፎቶዎች ላይክ አያመጡም። ግን 61 ሜጋፒክስል ለምን እንደከፈልኩበት የገባኝ እነሱ ላይ ነው።

ደረጃ 8፦ ፋይሉ የት ይደር

ሒሳቡን ቀድማችሁ ሥሩ። አንዱ ፋይል በአማካይ 70 ሜጋባይት ከሆነ 400 ፎቶ 28 ጊጋባይት ነው። 2000 ፎቶ ያለው ሠርግ 140 ይሆናል፤ በሁለት ቦታ ሲቀመጥ 280። የካሜራውን ዋጋ ስትቆጥሩ ሁለት ሃርድ ዲስክ አብራችሁ ቁጠሩ። ሁለቱን ደግሞ አንድ መሳቢያ ውስጥ አታስቀምጧቸው።

ፋይል ስትገለብጡ ላፕቶፑ ባትሪ ይኑረው። እኔ አንድ ማታ በዴስክቶፕ እየገለበጥኩ መብራት ሄደና ዲስኩ ላይ ያለው ግማሹ ሳይከፈት ቀረ። ካርዱን አላጠፋሁትም ነበር፤ እሱ ነው ያዳነኝ። ሁለተኛው ቅጂ ተከፍቶ እስኪታይ ድረስ ካርድ አይጠፋም።

8 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ ያቃስታል፤ 16 ይሻላል። መግዛት ካልቻላችሁ ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማረሚያ ፕሮግራም ውስጥ ስማርት ፕሪቪው (ቀለል ያለ ትንሽ ቅጂ) ሠርታችሁ በእሱ አርትዑ። ያንን ጊዜ የሚወስደውን ሥራ ሌሊት ተኝታችሁ ይሥራው።

ደረጃ 9፦ ማተም

ስልክ ላይ 61 ሜጋፒክስል አይታይም። 4ኬ የሚባለው ቴሌቪዥን ራሱ 8 ሜጋፒክስል ገደማ ነው የሚያሳየው። ስለዚህ ሳምንቱ ሳያልቅ አንድ ፎቶ አሳትሙ።

ማተሚያ ቤቱ «በቴሌግራም ላክልኝ» ይላችኋል። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚበላሸው። ቴሌግራም በተለመደው የፎቶ አላላክ ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ነጥብ ያወርደዋል። 61 ሜጋፒክስላችሁ በአንድ ጠቅታ 1 ሜጋፒክስል ሆነ። እንደ ፋይል አድርጋችሁ ላኩት፣ ወይም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ።

በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 80 በ54 ሴንቲሜትር ገደማ ይወጣል። ግድግዳ ላይ ከርቀት ለሚታይ 200 ይበቃል፤ ያኔ 120 በ80 ነው። ከማተማችሁ በፊት ከፎቶው አንድ ቁራሽ ቆርጣችሁ በዚያው መጠን በትንሽ ወረቀት አሳትሙና እዩት። ቀለሙ ከላፕቶፓችሁ እንደሚጨልም ያኔ ታያላችሁ።

እኔ ያሳተምኩት አንበሳውን ነው፤ የኤፍ 5.6ቱን። የሙከራ ፎቶ ነበር፣ ግን ከሁሉ እሱ ጥርት ይላል። ጠቅልዬ እሑድ ጠዋት ለጥበቃው ወሰድኩላቸው። ወንበራቸው ላይ እንዳሉ ጭናቸው ላይ ዘረጉት። አንበሳውን ብዙም አላዩትም። ጣታቸው ወደ ታች፣ ወደ ቀኝ ጥግ ሄደ።

«ይኼ እኔ ነኝ እንዴ?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። እኔም ልብ አላልኩም ነበር።

«ሻዬን ይዤ!» አሉ።